የኔታ ያላዩት ጣሪያ

የራሴን ዓይን በስልክ አየሁት። በዚህ ዕድሜዬ ዓይኔን አላውቀውም የምል ሴት አይደለሁም፤ በመስታወት ስንት ዓመት አይቸዋለሁ፣ ኩል ስኳል፣ ሹሩባ ስሠራ፣ ኋላም ሽበት ስነቅል። ግን የመስታወቱ ዓይን መልሶ የሚያየኝ ዓይን ነው። ሐኪሟ በስልኳ ቀርጻ ያሳየችኝ ዓይን እኔንም ሌላውንም አያይም። ወደ አንድ ጎን ቀስ ብሎ ይንሸራተትና ድንገት ይመለሳል፤ ደግሞ ይንሸራተትና ይመለሳል፤ ገመዱ ሲያልቅበት እንደሚጎተት ጥጃ። «ይኸው እማማ፣ ይሄ የእርስዎ ዓይን ነው» ስትለኝ አፌን ይዤ ቀረሁ። ልጅቱ የፈራሁ መስሏት «አይዞዎት፣ የሚድን ነው» እያለች ትከሻዬን ትደባብሳለች። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ያንን ዝላይ አውቀዋለሁ። አርባ ዓመት አልፎታል፣ አንድ ጧት ጸበል ቦታ፣ በእጮኛዬ ዓይን ውስጥ አይቸዋለሁ።

የእኔው ሕመም የመጣው ከመንገዱ ነው። አቀስታ የምታስተምር ልጅ አለችኝ፤ እሷን ጠይቄ ወደ መካነ ሰላም ስመለስ ሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። የኋላ ወንበርና ያ መንገድ ምን ማለት እንደሆነ የተቀመጠበት ያውቀዋል። ሾፌሩ ጉድጓዱን ሁሉ በስሙ የሚያውቀው ይመስል አንዱንም ሳያልፍ ገባበት፤ በአንደኛው ላይ ተነሥቸ ጭንቅላቴ ከጣሪያው ጋር ተላተመ። ረዳቱ «ይቅርታ እማማ» አለኝ፣ ሾፌሩ ዘፈኑን ከፍ አደረገው፣ በቃ ተረሳ። ሰንበት ብሎ አንድ ጧት ከአልጋየ ልነሣ ስል ቤቱ ዞረ። ግድግዳው ዞረ፣ ቁም ሳጥኑ ዞረ፣ የሟቹ ባሌ ፎቶ ሳይቀር ዞረ፤ እሱ ሰውየ በሕይወቱ እንዲያ ዞሮ አያውቅም። ጎረቤቴ ሐዋ ደርሳ ደግፋ አስቀመጠችኝ፤ «አብሽሪ፣ አብሽሪ፣ ያልፋል» እያለች። ሌሎቹ የሰፈር ሴቶች ግን ተሰብስበው ካዩኝ በኋላ እርስ በርስ ተያዩና አንዷ ቀስ ብላ «ጸበል ብትጠመቂስ?» አለችኝ። ጸበል አልነቅፍም፤ የቄስ ልጅ ነኝ። ቢሆንም ያን ቃል ከዚያ ሕመም ጋር ስሰማው ያ የድሮው ጧት ትዝ አለኝ። ነጠላዬን አጣፍቸ፣ የሐዋን ክንድ ይዤ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ወደ ሐኪም ቤት ሄድሁ።

የልጃገረድነቴን ዘመን መካነ ሰላም የዛሬ ልጆች ቢያይዋት አያውቋትም። አንድ ሰፊ መንገድ፣ በግራ በቀኙ ጥቂት ቆርቆሮ ቤቶች፣ ከዚያ ባሕር ዛፍ፣ ከዚያ ገብስ። የጭነት መኪና ሲመጣ አቧራው ቀድሞ ነበር የሚታየው፤ ሕፃን ዐዋቂው ይወጣል፤ ጨው ጭኖ ይሁን ስኳር፣ ማን ወርዶ ማን እንደተሳፈረ የማያውቅ አልነበረም። አደባባዩ ጥግ ላይ ሻይ ቤት ነበረች፤ ሻይ በዐሥር ሳንቲም፣ አምባሻ ከተጨመረ ሃያ አምስት። የሻይ ቤቱ ሬዲዮ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙም አብሮት ይደክም ነበር፤ ባለቤቱ ባትሪዎቹን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣቸዋል፤ ከሰዓት በኋላ ዘፈኑ ነፍስ ዘርቶ ይመለሳል። ከደሴ የሚመጡት ተማሪዎች ቦላሌ ሱሪ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አጎፍረው፣ ማበጠሪያ ከኋላ ሰክተው ሲያልፉ እኛ ልጃገረዶች እንስቅ ነበር፤ ስቀንም እናይ ነበር፤ ምን እዋሻለሁ። በእግሬ ኮንጎ ጫማ ነበረኝ፤ ክረምት ውሃ ይሞላና እየጮኸ ይሄዳል፣ በጋ ይፋጃል። ያን ጫማ ሳደርግ ግን የሀገሩ ሁሉ እመቤት የሆንሁ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ልጄ ያመጣችልኝ ጫማ እንደ ጥጥ ለስላሳ ነው፤ የእመቤትነቱ ስሜት ግን ከየት ይምጣ።

ዲያቆን እሸቱ ቦላሌ አልነበረውም። ነጭ እጀ ጠባብ፣ አንድ ነጠላና በረባሶ፤ በቃ። ድምፁን ግን ማን ይስጥህ! አባቴ ቄስ ተገኘ በሚያገለግሉበት ደብር ዜማ ጨርሶ ዝማሜ የጀመረ ሰሞን ነው ያየሁት። መዘምራኑ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመው፣ መቋሚያቸውን እያነሡ እየጣሉ፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉ፣ እሱ መካከላቸው አለ። እኔ ከሴቶች በኩል ቆሜያለሁ። ራሱ ይወዛወዛል፣ ትከሻው ይወዛወዛል፣ ነጠላው ይወዛወዛል፤ ዓይኑ ግን አንድ ቦታ ተተክሏል፤ ፍንክች የለም። የተተከለውም እኔ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዲህ ማሰቡ ነውር ከሆነ ነውር ይሁን፤ ያኔ ወደድሁት። ሰውነቱ ሁሉ እየተናወጠ ዓይኑ እንዲያ የሚረጋ ሰው፣ ልቡም እንደዚያ የሚረጋ ነው ብየ ደመደምሁ። ሽማግሌ ሲልክ አባቴ ደስ አላቸው፤ ዲያቆን ቅስና የሚቀበል ወይ አግብቶ ነው ወይ መንኩሶ፤ እሱ ሚስት ይፈልጋል፣ አባቴ የሚተካቸው ካህን ይፈልጋሉ። እኔንስ ማን ጠየቀኝ? ማንም። ለአንዴ ግን ያልጠየቁኝ ነገር የምፈልገው ሆኖ ተገኘ። ሠርጉ ለፋሲካ ማግስት ተቆረጠ።

ያ ዓመት የደብሩ ቆርቆሮ ያፈስስ ነበርና ለንግሥ እንዲደርስ ወጣቶቹ ጣሪያ ላይ ወጡ። እሸቱ ሚስማር ሲመታ መሰላሉ ከዳው፤ በጎኑ ወደቀ፣ ጭንቅላቱ ከዕንጨት ክምር ጋር ተጋጨ። ተነሣ፣ ልብሱን አራገፈ፣ ሳቀ። «ተረፈ!» ተብሎ ተጨበጨበለት። ጥቂት ሰንብቶ ግን አዲስ ጠባይ መጣበት። ማሕሌት ላይ ቀና ሲል ይንገዳገዳል፤ አንድ ጊዜ ከበሮው ላይ ወደቀና ከበሮው ተንከባለለ፤ ሰው ሳቀ። መጀመሪያ ጠላ ነው ተባለ። አባቴ ቀርበው አፉን አሸተቱት፤ ጠላ የለም። ጠላ ቢሆን ምንኛ ደግ ነበር። ጠላ ካልሆነማ፣ አለ ሰው፣ ሌላ ነገር ነው።

ጸበሉ ከከተማው ወረድ ብሎ፣ ከገደል ሥር የሚፈልቅ፣ እጅ የሚቆርጥ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ያን ጧት አባቴ ራሳቸው ይዘውት ወረዱ፤ እኔም ከሴቶቹ ጋር ተከተልሁ። አጥማቂው እሸቱን በጀርባው አስተኙት፤ ትከሻው ከድንጋዩ ላይ፣ ራሱ ከድንጋዩ ጠርዝ ወዲያ ተንጠልጥሎ፣ ፊቱ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ። ውሃው ከላይ ሲወርድ አንድ ጆሮው ውስጥ ሞላ። ጥቂት ቆየ። ከዚያ ዓይኑ ጀመረ። እኔ ላይ ተተክሎ የነበረው ያ ዓይን ይንሸራተታል፣ ይመለሳል፣ ይንሸራተታል፣ ይመለሳል። ሕዝቡ «ተነሣ፣ ተነሣ» ብሎ አጉረመረመ፤ ተነሣ ያሉት መንፈሱን ነው። አጥማቂው ጎንበስ ብለው ጠየቁ።

«ማን ነህ?»

«እሸቱ ነኝ።»

እንደገና ውሃ ተጨመረ፤ እንደገና ማን ነህ ተባለ፤ እንደገና እሸቱ ነኝ አለ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ያን የመሰለ ድምፅ። መንፈስ ደግሞ በሰው ስም መደበቁ የታወቀ ነውና ስሙን በተናገረ ቁጥር ጥፋተኛ እየሆነ ሄደ። ሳያንቀሳቅሱት ዝም ሲሉት ዓይኑ ረጋ፤ «ለቀቀው» አሉ። ቀና ሲያደርጉት ደግሞ ዞረበት፤ «ተመለሰበት» አሉ። እሱ አንድ ጊዜ ብቻ የእኔን ፊት ፈለገ፤ ዓይኑ ግን እየተንሸራተተ አለፈኝ። ማታ አባቴ ምድጃው ዳር ተቀምጠው እሳቱን ይቆሰቁሱ ነበር። የሚወዱት ልጅ ነበር፤ እያለቀሱ ነው የተናገሩት፤ ይኸን መደበቅ አይገባም። «ልጄን ለሰው ልድር እንጂ ለመንፈስ አልድራትም» አሉ። እናቴ ዕቃ ማጠቧን ቀጠለች። እኔ አለቀስሁ፤ ለቅሶዬንም ማንም አልጠየቀኝም።

ከዚያ የሆነው የሁሉ ሰው ታሪክ ነው። ለአስተማሪ ተዳርሁ፤ እኔም ተምሬ አስተማሪ ሆንሁ፤ አቀስታ ብርድ ውስጥ ልጆች ወለድሁ፤ ባሌ ጥሩ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማር፤ ስለ እሱ ክፉ ቃል አይወጣኝም። በጡረታ ወደ መካነ ሰላም ስመለስ እሸቱ ከዚያው ደብር አልወጣም። ሴት ልጁን የሚሰጠው አልተገኘም፤ አልመነኮሰም፤ አልቀሰሰም። ከቅጥሩ በር፣ ከደጀ ሰላሙ ሥር፣ ልጆች ፊደል ያስቆጥራል። ሰው ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል፤ እኔም ፊት ለፊት እንዲያ እላለሁ፤ በልቤ ግን እሱ ነው። ራሱን ቀና አያደርግም። መንገድ ሲሄድ ጫማውን እያየ፣ ሲጸልይ ደረቱን እያየ፣ ሲያስተምር ጉልበቱን እያየ። ቀና ካለ የሚመጣበትን ያውቃላ! አየ ሰው፣ ነገሩስ የሚደንቅ ነው፤ ድሮ «መንፈስ አለበት» ያሉት ልጆች ዛሬ እናትና አባት ሆነው ልጆቻቸውን «እንደ የኔታ አቀርቅረህ ሂድ፣ ትሕትና ከእሳቸው ተማር» ይላሉ። ያንኑ አንገት ነው መጀመሪያ የሰደቡት፣ ኋላ የተሳለሙት።

ወደ ሐኪሟ ልመለስ። ደሴ ያደገች፣ የእኔ የልጅ ልጅ የምትሆን ልጅ ናት። አስተኝታ፣ ራሴን ከአልጋው ጠርዝ አንጠልጥላ፣ ወደ ጎን አዙራ ዓይኔን ቀረጸችው። ከዚያ በዚያው ራሴን ይዛ ቀስ እያለች ወደ ሌላው ጎን አዞረችኝ፣ በጎኔ አስተኛችኝ፣ ቀስ ብላ አስቀመጠችኝ። ቤቱ ቆመ። ከዚያ ነው የነገረችኝ። ጆሮ ለመስማት ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ውሃ የሞላባቸው ጥቃቅን ቀለበቶች አሉ። ራስ ሲዞር ውሃው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ጆሮም «ራስ ዞሯል» ብሎ ለዓይን ይነግረዋል፤ ዓይን ሳይጠይቅ፣ ሳያስብ፣ ራስ ከዞረበት በተቃራኒ ይሄዳል። ለዚህ ነው ስንራመድ፣ ስንወዛወዝ፣ መኪና ላይ ስንንገጫገጭ ዓለም ቆማ የምትታየን። አላመንሁም መሰለኝ፣ ጣቴን ፊቴ አቁሜ እንዳወዛውዘው አዘዘችኝ፤ ጣቴ ደበዘዘብኝ። አሁን ጣቱን ያቁሙና ራስዎን ቀስ ብለው ያወዛውዙ አለችኝ፤ ጣቴ ቁልጭ ብሎ፣ ከነመስመሩ ታየኝ። ስንት ዓመት ልጆች ሳስተምር ይህን አለማወቄ አናደደኝ። ለካስ ያ የእሸቱ የማሕሌት ዓይን፣ እኔ የልቡ መርጋት ያልሁት፣ የሁላችንም ጆሮ ሥራ ኖሯል። ትንሽ ከፋኝ፤ ወዲያው ግን፣ እሺ፣ ዓይንን የሚያረጋው ጆሮ ከሆነ፣ ወደ እኔ እንዲያይ ያደረገውስ? እሱን ጆሮ አይሠራውም ብየ ተጽናናሁ።

ሕመሙ ደግሞ እንዲህ ነው። ጆሮ ውስጥ ሚዛን የሚጠብቁ እንደ አሸዋ ያሉ ነገሮች አሉ፤ ራስ ሲመታ ከቦታቸው ይወድቁና ከቀለበቱ ይገባሉ። ያኔ ሰው ሲተኛ ወይ ሽቅብ ሲያይ ውሃውን ይንጡታል። ራስ ዝም ብሎ ተኝቷል፣ ጆሮ «እየዞረ ነው» ይላል፤ ዓይን ምን ያድርግ፣ የታዘዘውን ይሠራል። ዝም ብለው ሲቆዩ ይረጋል፤ ሲነሡ ይመለሳል። እኔ ይህን ስሰማ ያ የጸበሉ ድንጋይ ታየኝ። በጣም ቀዝቃዛ ውሃ አንድ ጆሮ ውስጥ ቢገባስ አልኋት። ልጅቱ ገረማት። «እሱም ራሱን የቻለ ነው፤ ጤነኛ ሰውም ቢሆን ዓይኑ ይዘልላል» አለችኝ። ብዙውን ጊዜ አሸዋው በወራት ውስጥ በራሱ ይጠፋል፤ የሚቀረው ፍርሃቱ ነው፤ ቀና ያላለ ሰው መዳኑን በምን ያውቃል አለችኝ። አመስግኘ ወጣሁ። በር ላይ ሐዋ ምን አሉሽ ብትለኝ «የጆሮ አሸዋ ነው» አልኋት።

ለእሱ ልንገረው ወይስ ልተወው? ከራሴ ጋር ብዙ ተሟገትሁ። የተቀመጠ ሰው ነው፤ ስም አለው፣ ክብር አለው፤ የሚሳለመው አለ። ሄጄ «ሚስትህንም ክህነትህንም ያጣኸው በአንዲት የአሸዋ ፍሬ ነው» ብለው ምን ይጠቅመዋል? ቁስል መቀስቀስ ነው። ደግሞ ዝም ብል፣ መንፈስ አለብኝ ብሎ ሊሞት ነው። አባቴ በሕይወት ቢኖሩ እሳቸውን እልክ ነበር። የሉም። በዚያ ጸበል ከቆምነው መካከል ይህን ያወቅሁ እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላ የሚነግረው የለም።

ልጆቹን አሰናብቶ ብቻውን ሲቀር፣ ፀሐይ ወደ ቆላው ስታዘነብል ሄድሁ። እንደ ልማዱ ከደጀ ሰላሙ ሥር ድንጋይ ላይ፣ ጉልበቱን እያየ ተቀምጧል። «እንዴት ዋሉ የኔታ» አልሁት፤ በድምፄ አወቀኝ፤ ቦታ ለቀቀልኝ። ሐኪሟ የነገረችኝን ሁሉ፣ ጣቱን ሳይቀር፣ አንድ በአንድ ነገርሁት። መሰላሉን አነሣሁ፤ ውሃውን አነሣሁ። ሳያቋርጠኝ ሰማ። ስጨርስ መቋሚያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረው፤ ደግሞ መለሰው። ምነው ባልነገርሁት ብየ መጸጸት ስጀምር ተናገረ።

«ማን ነህ ሲሉኝ እሸቱ ነኝ ብያቸው ነበር እኮ።»

«ሰምቻለሁ» አልሁት። «እኔ ሰምቼ ነበር።»

ኋላ ኋላ እሱ ራሱም መጠራጠር እንደ ጀመረ ነገረኝ። ሌሊት ስሙን እየጠራ ማን ነው የመለሰው እያለ ያዳምጥ ነበር። ያን ሲለኝ አላስቻለኝም፤ የኔታነቱም አንቱታውም ጠፋብኝ። «እሸቱ» አልሁት፣ «ቀና በል እስቲ።» ራሱን ነቀነቀ። ቢዞርብኝስ አለ። ቢዞርብህ እይዝሃለሁ አልሁት። ከዚያ ሐኪሟ እኔን እንደ ያዘችኝ ማጅራቱን በእጄ ደገፍሁት፤ ያየ ይየኝ፤ በዚህ ዕድሜ ማንን ልፈራ። አንገቱ እንደ ደረቀ ዕንጨት ነበር። ቀስ፣ ቀስ እያለ፣ እየቆመ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቀና አለ። ከዚያ ዓይኑን ገለጠ። ዓይኑን ዓይኑን ነበር የማየው፤ ይንሸራተት ይሆን ብየ። ቆመ። ፍንክች የለም።

በደጀ ሰላሙ ጣሪያ ላይ ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች ተሥለዋል፤ ከዳር እስከ ዳር፣ ዓይናቸው ትልልቅ፣ ሁሉም ወደ ታች የሚያዩ። በየቀኑ ከሥራቸው ሲያስተምር ኖሯል። ብዙ ቆይቶ፣ ሳይነቃነቅ፣ አንድ በአንድ አያቸው። እንባው በጆሮው በኩል ይወርዳል።

«አዲስ ናቸው?» አለኝ።

የተሣሉት የመጀመሪያ ልጄ ክርስትና በተነሣች ዓመት ነው፤ እሷ ዛሬ ሴት ልጅ ድራለች።

«አዎ» አልሁት። «አዲስ ናቸው።»